ድምፅ ከምስል ጋር አልናበብ ሲል
የአንባቢያን ጥያቄዎችና መልሶች

ለዚህ እትም የመረጥናቸው ደብዳቤዎች በሙሉ የሚያነሡት አንድ ችግር ነው፤ የተናጋሪው አፍ ሲንቀሳቀስ የሚታይበትና ድምፁ የሚሰማበት ጊዜ አይገጥምም። ከጸሐፊዎቹ አብዛኞቹ የድምፁን ክሊፕ ወዲህና ወዲያ ሲገፉ ውለው የሰለቻቸው መሆናቸው ከአጻጻፋቸው ያስታውቃል። መግፋት ግን የሚፈታው ከችግሩ ዓይነቶች አንዱን ብቻ ነው። ስለዚህ ማንኛውንም ክሊፕ ከመንካታችሁ በፊት የቪዲዮውን መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ተመልከቱና ልዩነቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል መሆኑን፣ ቀስ በቀስ እየሰፋ መሄዱን፣ ወይም በድንገት የሚዘል መሆኑን ለዩ። ስሕተቱ በየትኛው መሣሪያ ላይ እንደተፈጠረ የሚነግረን ይህ ጠባዩ ነው።

ለመለየት የሚረዱን ፊደላት አሉ። በ፣ መ፣ ፐ እና ጰ ከንፈር ሳይገጥም አይነገሩም፤ ስለዚህ ተናጋሪው «አበባ» ወይም «እማማ» ሲል ከንፈሩ የገጠመበትን ፍሬም (ቪዲዮው ከተሠራባቸው ተከታታይ ሥዕሎች አንዱን) ፈልጎ በዚያው ቦታ የድምፁን ሞገድ ማየት በቂ ነው። ምን ያህል ልዩነት ይፈቀዳል ለሚሉም፣ የአውሮፓ ብሮድካስቲንግ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2007 ባወጣው ምክረ ሐሳብ መሠረት ድምፅ ከምስል ከ40 ሚሊሰከንድ በላይ መቅደም፣ ከ60 ሚሊሰከንድ በላይም መዘግየት የለበትም። መዘግየት ሰፋ ያለ ቦታ የተሰጠው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ብልጭታው ታይቶ ነጐድጓዱ በኋላ እንደሚሰማ ሁሉ ዘግይቶ የሚደርስ ድምፅ ለአእምሯችን የተለመደ ሲሆን፣ ከምስሉ ቀድሞ የሚመጣ ድምፅ ግን በተፈጥሮ አያጋጥመንምና ቶሎ ይቆረቁረናል።

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበቱ። በሐዋሳ ከተማ የሠርግ ቪዲዮ እሠራለሁ። በቅርቡ በአንድ ሠርግ ላይ ድምፁን ከአዳራሹ ሚክሰር (የድምፅ ማቀላቀያ) ወደ ትንሽ ሪከርደር (የድምፅ መቅጃ) አስገብቼ፣ ምስሉን በሰከንድ 25 ፍሬም በሚቀርጽ የቪዲዮ ካሜራ ያለማቋረጥ ወሰድኩ። ሥነ ሥርዓቱ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ የፈጀ ነበር። መጀመሪያውን በጭብጨባ አስተካክዬዋለሁ፤ መጨረሻ ላይ ሽማግሌዎቹ ሲመርቁ ግን ድምፁ 5 ፍሬም ያህል ወደ ኋላ ይቀራል። መጨረሻውን ሳስተካክል ደግሞ መጀመሪያው ይበላሻል። ሪከርደሩ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ ሪከርደርዎም ካሜራዎም ደኅና ናቸው። ሁለቱም ጊዜን የሚለኩት በውስጣቸው ባለ የኳርትዝ ክሪስታል ሲሆን፣ ሁለት ክሪስታሎች ፍጹም እኩል አይሄዱም። በመካከለኛ ዋጋ በሚሸጡ መሣሪያዎች ላይ ከአንድ ሚሊዮን ከ20 እስከ 50 የሚደርስ መዛባት የተለመደ ነው፤ ሙቀትና ቅዝቃዜም ይለዋውጡታል። የእርስዎን ልዩነት ብናሰላው 5 ፍሬም 200 ሚሊሰከንድ ነው፤ ይህም የተጠራቀመው በ4,800 ሰከንድ ውስጥ ነው። ድምፁ በ48 ኪሎኸርዝ የተቀረጸ ከሆነ፣ ካሜራው አንድ ሰከንድ ብሎ በቆጠረው ጊዜ ሪከርደሩ 48,000 ናሙና (የድምፁን ቅጽበታዊ ልኬት) መውሰድ ሲገባው 48,002 ወስዷል ማለት ነው። ሁለቱን ትርፍ ናሙናዎች የሚሰማ ጆሮ የለም፤ በሥነ ሥርዓቱ ማብቂያ ግን 9,600 ደርሰው ሽማግሌውን ከራሳቸው ድምፅ አለያይተዋቸዋል።

የልዩነቱ መጠን ራሱ ምስክር መሆኑን ልብ ይበሉ። በ48 ኪሎኸርዝ የተቀረጸ ድምፅ በስሕተት እንደ 44.1 ኪሎኸርዝ ቢነበብ፣ የ10 ደቂቃው ንግግር 53 ሰከንድ ያህል ይረዝም ነበር፤ የተናጋሪው ድምፅም ወፍሮ ይሰማ ነበር። በሰከንድ 29.97 ፍሬም የሆነ ቪዲዮ 30 ነው ተብሎ ቢወሰድ ደግሞ በሰዓት 3.6 ሰከንድ ይለያይ ነበር። እነዚህ የቅንብር ስሕተቶች ስለሆኑ የሶፍትዌሩን ምርጫ በማረም ይፈታሉ። በሰዓት ጥቂት ፍሬም ብቻ ቀስ እያለ የሚሰፋ ልዩነት ግን የክሪስታሎቹ ነው፤ በሶፍትዌሩ ምርጫዎች ውስጥ ቢፈልጉት አያገኙትም።

ብዙዎች በዚህ ጊዜ የድምፁን ፍጥነት ለመቀየር ይሞክራሉ። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ነገር ግን እርስዎ የሚያስፈልግዎ ፍጥነት 100.004 በመቶ ገደማ ሲሆን፣ አንዳንድ የቪዲዮ ማቀናበሪያ ሶፍትዌሮች ከነጥብ በኋላ ሁለት ቁጥር ብቻ ይቀበላሉ። 100.01 ብለው ቢያስገቡ ድምፁ በ480 ሚሊሰከንድ ያጥርና፣ ይዘገይ የነበረው አሁን በ280 ሚሊሰከንድ ቀድሞ ይገኛል፤ ከበፊቱ የባሰ ነው። እንደ ሪፐር ባሉ የድምፅ ማቀናበሪያዎች የክሊፑን ጫፍ ይዞ በመሳብ የሚፈለገውን ያህል ማሳጠር ስለሚቻል፣ ድምፁን በዚያ አስተካክሎ መመለስ አንዱ መንገድ ነው።

እኔ ለሠርግ የምመርጠው ግን ሌላውን፣ ቀለል ያለውን መንገድ ነው። ልዩነቱ በየ16 ደቂቃው አንድ ፍሬም ስለሚሞላ፣ ድምፁን በየ10 ወይም በየ15 ደቂቃው ጸጥታ ባለበት ቦታ ቆርጦ ተከታዩን ክፍል ከምስሉ ጋር እንደገና ማግጠም ይበቃል። ምርቃት ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ሽማግሌው አንዱን ቃል ጨርሰው ታዳሚው «አሜን» እስኪል ድረስ ትንሽ ክፍተት አለ፤ መቁረጫው እዚያ ነው። «አሜን» ሲባል ደግሞ ሜ ላይ የሁሉም ከንፈር ስለሚገጥም፣ ቆርጠው ያገጠሙት ክፍል በትክክል መቀመጡን ወዲያው ያረጋግጡበታል። በቁርጡ ላይ ጥቂት ፍሬም የሚረዝም የድምፅ ሽግግር ይጨምሩ፤ አለበለዚያ የአዳራሹ ሁካታ ሲቆረጥ ቀጭ የሚል ድምፅ ይሰማል።

ለወደፊቱ ከሚክሰሩ የሚወጣውን ድምፅ በገመድ ወይም በገመድ አልባ ማስተላለፊያ በቀጥታ ወደ ካሜራው ያስገቡ፤ ሪከርደሩም በመጠባበቂያነት ይቀመጥ። ድምፁና ምስሉ በካሜራው በአንዱ ክሪስታል ስለሚቆጠሩ የሚጠራቀም ልዩነት አይኖርም። የሚክሰር ድምፅ ከማይክ ድምፅ እጅግ ስለሚበረታ፣ የካሜራዎ መግቢያ ለዚያ መስተካከሉን አስቀድመው ካልፈተሹ ግን የተሰነጣጠቀ ድምፅ ይዘው ወደ ቤት ይገባሉ፤ እሱን ደግሞ ምንም ዓይነት ቅንብር አያድነውም።

ጥያቄ፦ በአዲስ አበባ የመድረክ ትያትሮችን ለማኅደር እንቀርጻለን። አንድ ካሜራ ከመድረኩ አጠገብ፣ ሌላው ከአዳራሹ ጀርባ 30 ሜትር ያህል ርቆ ይቆማል፤ ተዋንያኑ ደግሞ ልብስ ላይ የሚሰካ ማይክ አላቸው። ሶፍትዌሩ ሦስቱን በድምፃቸው ሞገድ ራሱ እንዲያገጥማቸው እናዛለን፤ እሱም «ገጥሟል» ይላል። የቅርቡ ካሜራ ልክ ነው። ወደ ሩቁ ካሜራ ስንቀይር ግን ድምፁ ከአፋቸው የዘገየ ይመስለናል። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻም ያው ነው።

መልስ፦ ትዝብታችሁ ትክክል ነው፤ ሶፍትዌሩም ቢሆን የታዘዘውን በትክክል ፈጽሟል። በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ የተዋናዩ ድምፅ 30 ሜትር ርቆ ወደቆመው ካሜራ ማይክ ለመድረስ 87 ሚሊሰከንድ ይፈጅበታል፤ ብርሃኑ ግን ሌንሱ ላይ የሚደርሰው በዚያው ቅጽበት ነው። ስለዚህ የሩቁ ካሜራ ፋይል ገና ሲቀረጽ ጀምሮ ድምፁ ከራሱ ምስል 2 ፍሬም ያህል የዘገየ ነው። ሶፍትዌሩ ይህን የዘገየ ድምፅ ከተዋናዩ ማይክ ድምፅ ጋር ለማግጠም ሲል ክሊፑን በሙሉ ወደ ፊት ይስበዋል፤ ምስሉም አብሮ ይሳብና ከንፈሩ ከድምፁ ቀድሞ ይንቀሳቀሳል። (አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ድምፅ ቀስ ብሎ ይጓዛል የሚሉ አሉ፤ የድምፅን ፍጥነት የሚወስነው በዋናነት የአየሩ ሙቀት ነው እንጂ ግፊቱ አይደለም። ስሌቱ ለአዲስ አበባም ለአፋርም ያው ነው፤ የሙቀቱ ልዩነትም በዚህ ርቀት ከጥቂት ሚሊሰከንድ አያልፍም።)

መፍትሔው ድምፁን መንካት አይደለም፤ ድምፁን ከሳባችሁት አሁን ልክ የሆነው የቅርቡ ካሜራ ይበላሻል። የሩቁን ካሜራ ክሊፕ ብቻ በ2 ፍሬም ወደ ኋላ አዘግዩት። ልዩነቱ እኩል ስለሆነ አንድ ጊዜ መግፋት ለሙሉው ትያትር ይበቃል። በግምት ላለመሥራት አንዱ የቡድናችሁ አባል ከትርዒቱ በፊት መድረኩ ላይ ቆሞ ለሁለቱም ካሜራዎች በግልጽ በሚታይ ሁኔታ አንድ ጊዜ ያጨብጭብ፤ በቅንብር ጊዜ የካሜራዎቹን ምስሎች እጆቹ በተገናኙበት ፍሬም እርስ በርስ አግጥሟቸው። በዚህ ጊዜ የምታምኑት ዓይናችሁን ይሁን፤ የሩቁን ካሜራ ሞገድ አትመልከቱ። በከበሮ የታጀበ ትርዒት ከሆነ መዳፍ ቆዳውን የመታበት ፍሬም ያንኑ ያገለግላል።

አዳራሹ ድምፅ ማጉያ ካለውና አንዱ ስፒከር ለሩቁ ካሜራ ቅርብ ከሆነ፣ ካሜራው የሚሰማው ከመድረኩ ሳይሆን ከስፒከሩ ስለሚሆን ልዩነቱ ከ2 ፍሬም ሊያንስ ይችላል። የስሌቱን ቁጥር በጭፍን ከመጠቀም በጭብጨባው መለካቱ የሚሻለው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ ከባሕር ዳር ነው የምጽፈው። በስልኬ ቃለ መጠይቅ እየቀረጽኩ ዩቲዩብ ላይ እጭናለሁ። ቪዲዮው ስልኬ ላይ ሲታይ ምንም አይለውም፤ ኮምፒዩተር ላይ ወደ ማቀናበሪያው ሳስገባው ግን ድምፁ አንዴ ይቀድማል፣ አንዴ ይዘገያል፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ልክ ይሆናል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ልዩነቱ ወጥ ሆኖ አለመስፋቱ፣ ስልክዎ ላይም አለመታየቱ ወደ አንድ ምክንያት ይመራናል። ስልኮች አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርጹት በተለዋዋጭ የፍሬም ፍጥነት ነው። ብርሃን ሲያንስ ወይም ስልኩ ሲግል በሰከንድ 30 ይወስድ የነበረው ወደ 27 ወይም 24 ይወርድና በኋላ ተመልሶ ይወጣል። በፋይሉ ውስጥ እያንዳንዱ ፍሬም መታየት ያለበት ጊዜ ተመዝግቧል፤ የስልኩ ማጫወቻ ያንን እያነበበ ስለሚያሳይ ሁሉም ይናበባል። አንዳንድ ማቀናበሪያዎች ግን ፍሬሞቹ ሁሉ እኩል ርቀት እንዳላቸው አድርገው ይደረድሯቸዋል፤ ድምፁ በቋሚ ፍጥነት ስለሚሄድ ምስሉ ከሥሩ ይንሸራተታል።

በነገራችን ላይ ይህ ችግር ከድምፅ ፊልም ጋር እኩል ያረጀ ነው። እ.ኤ.አ. በ1926 ዋርነር ብራዘርስ ባስተዋወቀው ቫይታፎን በተባለው ዘዴ ድምፁ የሚወጣው ከፊልሙ ጋር እኩል ከሚሽከረከር ሸክላ ነበር፤ ፊልሙ ተበጥሶ ጥቂት ፍሬሞች ከጠፉ ከዚያ በኋላ ያለው ምስል ሁሉ ከድምፁ ይቀድማል። የሲኒማ ቤቱ ሠራተኛ ባዶ ፍሬሞችን ቆጥሮ በጠፉት ልክ ይቀጥልበት ነበር። ለእርስዎም የሚያስፈልገው በመሠረቱ ይኸው ነው፤ የጎደሉትን ፍሬሞች በቦታቸው መሙላት።

በመጀመሪያ ፋይሉን ሚዲያኢንፎ በተባለው ነጻ ፕሮግራም ይክፈቱትና የፍሬም ፍጥነቱ ተለዋዋጭ ተብሎ መመዝገቡን ያረጋግጡ። ከዚያም ሀንድብሬክ በተባለው ሌላ ነጻ ፕሮግራም ወደ ቋሚ ፍጥነት ይቀይሩት። ስልኩ በ30 የቀረጸውን በ30 ይቀይሩ እንጂ በዚህ ደረጃ ወደ 25 አያውርዱት። የጥራት ቁጥሩን ከ16 እስከ 18 ባለው ያድርጉት፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ጥራቱና የፋይሉ ክብደት ይጨምራል። ከዚያ በኋላ ቅንብሩን በአዲሱ ፋይል ይጀምሩ። በአሮጌው ፋይል ላይ የቆራረጡትን ሥራ ለማዳን መጣሩ ከአዲስ ከመጀመር የበለጠ ጊዜ ይወስዳል።

ከአሁን በኋላ የፍሬም ፍጥነቱን አስሮ በሚቀርጽ መተግበሪያ፣ ለምሳሌ በነጻ በሚገኘው ብላክማጂክ ካሜራ ይቅረጹ፤ ፍጥነቱንም 25 ያድርጉት። የአገራችን ኤሌክትሪክ 50 ኸርዝ ስለሆነ በ25 ፍሬምና በ1/50 ሰከንድ ሹተር (ለእያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን በሚገባበት ጊዜ) ሲቀርጹ የመብራት መርገብገብም አብሮ ይቀርልዎታል። ቪዲዮውን ከስልክ ወደ ኮምፒዩተር በቴሌግራም የሚልኩ ከሆነ ደግሞ እንደ ፋይል ይላኩት፤ እንደ ቪዲዮ ከላኩት ተጨምቆ እንደ አዲስ ይሠራል፤ ያኔ የሚመረምሩት ስልክዎ የቀረጸውን መሆኑ ይቀራል።

ጥያቄ፦ እኔ ስቀናብር ድምፁ ሁልጊዜ የዘገየ ይመስለኛል፤ ወደ ፊት ስቤ ለደንበኛ ስልክለት ግን ደንበኛው «ድምፁ ይቀድማል» ይለኛል። ከአዳማ።

መልስ፦ የሚያዳምጡት በብሉቱዝ ማዳመጫ ነው? ከሆነ ቪዲዮዎ ምንም ችግር አልነበረበትም። ብሉቱዝ ድምፁን ጨምቆ አስተላልፎ እስኪፈታ ድረስ ከ100 እስከ 300 ሚሊሰከንድ ሊያዘገይ ይችላል። የፊልም ማጫወቻዎች ይህን አስልተው ምስሉን ስለሚያዘገዩት አይታወቅም፤ ማቀናበሪያው ግን ላያደርገው ይችላል። በገመድ ማዳመጫ ይሥሩ፤ እስካሁን የሳቡትንም ሁሉ ወደ ነበረበት ይመልሱ።

ጥያቄ፦ ሰላም ለእናንተ ይሁን። በአሜሪካ ሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ከተማ የቤተ ክርስቲያናችንን መርሐ ግብር በቀጥታ እናስተላልፋለን። ካሜራው በኤችዲኤምአይ ገመድ በቪዲዮ መቀበያ ካርድ በኩል፣ ድምፁ ደግሞ ከሚክሰሩ በዩኤስቢ ወደ ኮምፒዩተሩ ይገባል፤ የምንጠቀመው ኦቢኤስ የተባለውን የቀጥታ ማስተላለፊያ ሶፍትዌር ነው። የመዘምራኑ ድምፅ ከአፋቸው ይቀድማል። ቅጂውን አዲስ አበባ ላለ ወንድማችን ስንልክለት ደግሞ እሱ ጋ ጭራሽ ሌላ ዓይነት መለያየት ይፈጠራል።

መልስ፦ ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። የመጀመሪያው የመጣው የምስሉ መንገድ ከድምፁ መንገድ ስለሚረዝም ነው፤ ካሜራው ምስሉን ሲያዘጋጅ፣ ካርዱም ሲቀበል እያንዳንዳቸው ጥቂት ፍሬም ይወስዳሉ፤ የሚክሰሩ ድምፅ ግን ወዲያው ይደርሳል። አንድ ሰው ከካሜራው ፊት ቆሞ፣ ከሚክሰሩ ጋር የተገናኘ ማይክ አጠገብ ያጨብጭብና ይህንኑ ኦቢኤስ ላይ ቅረጹት። ቅጂውን ማቀናበሪያ ውስጥ ከፍታችሁ በድምፁ ሞገድ ጫፍና እጆቹ በተገናኙበት ፍሬም መካከል ያለውን ፍሬም ቁጠሩ። በሰከንድ 30 ለሚቀርጽ ካሜራ አንዱ ፍሬም 33 ሚሊሰከንድ ነው፤ 4 ፍሬም ካገኛችሁ 133 ሚሊሰከንድ ይሆናል። ይህን ቁጥር በኦቢኤስ የላቁ የድምፅ ምርጫዎች ውስጥ በዚያ የድምፅ ምንጭ የማካካሻ ሣጥን ላይ ጻፉት፤ ከዜሮ በላይ የሆነ ቁጥር ድምፁን ያዘገየዋል። ከዚያ እንደገና አጨብጭባችሁ ፈትሹ። ከአንድ በላይ ካሜራ ካላችሁ ለእያንዳንዱ መለካት ያስፈልጋል፤ መዘግየታቸው የተለያየ ከሆነ ፈጣኑን ካሜራ በምስል ማዘግያ ማጣሪያ ከዘገምተኛው ጋር አስተካክሉና ድምፁን ለሁለቱም በአንድ ቁጥር አዘግዩ። ኬብል፣ ካርድ ወይም የካሜራውን የምስል መጠን በለወጣችሁ ቁጥር ልኬቱ ይደገም።

ሁለተኛው ከወንድማችሁ ፕሮጀክት የመጣ ይመስላል። የእናንተ ቅጂ 30 ወይም 29.97 ፍሬም ነው፤ አዲስ አበባ ግን ፕሮጀክቶች ብዙ ጊዜ የሚከፈቱት በ25 ነው። ክሊፑን እንዳለ 25 ፕሮጀክት ውስጥ ቢያስገባው ሶፍትዌሩ አንዳንድ ፍሬሞችን እየዘለለ ርዝመቱን ስለሚጠብቅ ድምፁ አይለያይም። ነገር ግን የክሊፑን ባሕርይ ከፍቶ «ይህ 25 ፍሬም ነው» ብሎ ከወሰነለት፣ በ29.97 የተቀረጸው የ1 ሰዓት ምስል ወደ 1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ገደማ ይለጠጣል፤ ለብቻው የመጣው የሚክሰር ድምፅ ግን 1 ሰዓት ሆኖ ይቀራል። ያንን ምርጫ ወደ ፋይሉ የራሱ ፍጥነት ይመልሰው። ሥራው ሙሉ በሙሉ ከእናንተ ቅጂ ብቻ የሚዘጋጅ ከሆነ ግን ፕሮጀክቱን ራሱን በ29.97 ይክፈተው፤ ዩቲዩብ ሁለቱንም ይቀበላል፤ የመዘምራኑ እንቅስቃሴም ፍሬም እየተዘለለ አይንገጫገጭም።